በአጥንት ወይስ በቅቤ

ደገፋ ጃራ ቀናተኛ አልነበረም ብል ሱሉልታ ሁሉ ይስቅብኛል። የጎረቤቱ ላም ከወለደች፣ ጥጃው ወንድ መሆኑን ሳያጣራ እህል አይወርድለትም። ወንድ ከሆነ ከልቡ "እንኳን ደስ ያለህ" ይላል፤ ሴት ከሆነች ግን ሳምንቱን ሙሉ ሆዱን ይቆርጠዋል። ይህ እንኳ የዘወትር ቅናቱ ነው፣ ማንንም አልጎዳም። እናቱን ያስለቀሰውና እሱን ችሎት ያቆመው ትልቁ ቅናት የመጣው ከአንድ ሹክሹክታ ነው።

ጣሊያን ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። አባቱ ኦቦ ጃራ እንደ ልማዳቸው ድርቆሽ ጭነው፣ እንጦጦን ተሻግረው አዲስ አበባ ወረዱ። ደገፋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፣ ለናት ላባቱ አንድ። ጨውና አቡጀዲ ይዘውልኝ ይመጣሉ ብሎ ደጅ ሲጠብቅ፣ አባቱ ከኮርቻው ፊት ልጅ አስቀምጠው ከች አሉ። ልጁ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ከሲታ፣ ጠጉሩ ከርደድ ያለ፣ መልኩም በዚያ አገር ታይቶ የማይታወቅ ጥቁር ነበር። ኦቦ ጃራ ሲጠየቁ ብዙ አላወሩም። ጌታው ሞቶ ወራሾቹ አንፈልግህም ብለው ከበር አስወጥተውት፣ ድርቆሽ ተራ ከበቅሎዎች እግር ሥር ተኝቶ እንዳገኙት ብቻ ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ የጠየቃቸውን ሁሉ "ልጄ ነው" እያሉ መለሱለት።

ልጄ ነው ማለት ደግሞ በዚያ ቤት ዝም ብሎ የአፍ ነገር አልነበረም። በሳምንቱ አምስት ሽማግሌዎች ተጠሩና ጉዲፈቻው ተፈጸመ። የልጁን አናት ቅቤ ቀቡት፤ ከዚያ ደገፋንና እሱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ከአንድ ጮጮ ወተት አጠጧቸው። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ዛሬ ተወለደ ብለው አወጁ። አጥንቱ አጥንታችን ነው፣ መጤ ያለው ይውደቅ፣ ከየት መጣህ ያለው አፉ ይያዝ አሉ። ቆይቶ ቄሱ ክርስትና ሲያነሡት ገብረየስ ተባለ።

እስከዚህ ድረስ ደገፋ ታገሰ። ነገር የመጣው ወተቱ ካለቀ በኋላ ነው። ኦቦ ጃራ ጎንበስ ብለው ለአዲሱ ልጅ በጆሮው አንድ ነገር አንሾካሾኩለት። አጭር አልነበረም፤ ረጅም ወሬ ነው። ልጁ እያዳመጠ ዓይኑን ቀና አድርጎ ደገፋን አየው፣ ዕቃ ያዝልኝ እንደተባለ ሰው። በማግስቱ ደገፋ አባቱን ምን ብለውት እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ለሱ የተነገረ ነው ብለው ሳቁ። ሳቁ! ለደገፋ በዘጠኝ ዓመቱ አንድም ቀን በጆሮው የተነገረው ነገር አልነበረም፤ ሁልጊዜ በጩኸት ነው።

ልጁ አደገ። ማጭድ ሲይዝ ጨፌው እየተጎነበሰ የሚታጨድለት ይመስል ነበር። የጃራ ጨፌ ሣሯ ጣፋጭ ናት፤ ድርቆሿን የአዲስ አበባ ባለፈረሶች ሲሻሙባት ኖረዋል። ኦቦ ጃራም ፍርድ አዋቂ ሰው ናቸው፣ ለአንዱ አዳልተው አያውቁም። ቂጣ ሲቆርሱ እኩል፣ ቁጣ ሲቆጡም እኩል። ደገፋን ያቃጠለው ይኸው እኩል የሚሉት ነገር ነው። እኩልማ ለባዕድም ይደረጋል! እሱ የፈለገው አንድ ጣት ታህል ብልጫ ነበር፣ የተወለደው እሱ መሆኑን የሚያውቅባት። አባቱ ያቺን አንድ ጣት ሳይሰጡት ኖሩ።

አንድ ጊዜ አንድ ሰው ገበያ ላይ ገብረየስን "ባሪያ" ብሎ ሰደበው። ኦቦ ጃራ ሰውዬውን ሽማግሌ ፊት አቁመው ይቅርታ አስጠየቁት፣ ጊደርም አሳረዱት። ደገፋ ከሥጋው እየበላ፣ እኔ ስንቴ ተሰድቤ ዶሮ እንኳ አልታረደልኝም እያለ ያሰላስል ነበር። ልጅ ነውና ይለፈው እንበል። ሠላሳ ሲሞላውም ግን ሐሳቡ ያው ነበር።

ጣሊያን ከወጣ በአሥራ አራተኛው ዓመት ኦቦ ጃራ ታመው አልጋ ያዙ። ሞት እንደመጣ ሲያውቁ ሽማግሌ ጠርተው ተናዘዙ። ጨፌው፣ ቤቱና ከብቱ ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ይሁን አሉ። የጨፌው ኩታ ገጠም የሆነው ደበላ፣ ከብቶቹን ዘወትር ወደዚያ የሚለቅ ሰው፣ እሱም በር ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ከዚያ ኦቦ ጃራ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ "ዳማው ፈረስ ግን ለገብረየስ ይሁን" አሉና በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ፈረስ ለሁለት አይከፈል! ያቺ አንድ ጣት ብልጫ ሃያ ዓመት ስትጠበቅ ኖራ ለሌላው ሄደች። ደገፋ አባቱን ሲቀብር አለቀሰ። ለሞታቸው ይሁን ለዳማው እሱም ለይቶ አያውቅም። ከሐዘኑ በኋላ ገብረየስ ያንን ፈረስ ተቀምጦ ሲያልፍና ሰው "አካም ጅርታ፣ የጃራ ልጅ" እያለ ሲሰግድለት፣ ደገፋ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሚስቱ ወርቅቱ፣ አንተም ፈረስ ግዛና ይሰገድልህ ብላ ብትቀልድበት ሁለት ቀን አኮረፋት።

ቅናት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ይጠላል፣ ምክንያቱን ኋላ ከገበያ ይገዛል። የደገፋ ምክንያት የተገኘው ከዳኜ ዘንድ ነው። ዳኜ ከሰሜን የመጣ ነገረ ፈጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጫንጮ መንገድ ዳር ጃንጥላ ተክሎ ማመልከቻ ይጽፋል። ጠላ የቀመሰ ለታ ደግሞ ስለ ሰው ዘር ያስተምራል። ጎጃሜው እንዲህ ነው፣ ጉራጌው እንዲያ ነው፣ ኦሮሞው ይኼ ነው ብሎ ሁሉን በየቁናው ይሰፍርልሃል። እግዜር ሰውን እንደ እህል ለይቶ ነው የዘራው፣ ጤፍ ዘርቶ ገብስ ያጨደ የለም ይላል። ደገፋ ቤት የተማረው የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ አባቱ "ስም የሰጠ ወለደ" ሲሉ ነው ያደገው። ዳኜ ግን "ዘር ከልጓም ይስባል" ሲል፣ ደገፋ ልጓም የሚለውን ሰማና ዳማው ትዝ አለው። ያኔውኑ ከጃንጥላው ሥር ገብቶ ቁጭ አለ።

ዳኜ ነገሩን ቀላል አደረገለት። አንተ እስከ ሰባት ቤት አባቶችህን ትቆጥራለህ፣ እሱ ከራሱ ስም ወዲያ ምን አለው? አጥንት የሌለው ምን ይወርሳል? ይህን እያለ ጻፈና አነበበለት። "ከአባቴ አጥንት ያልተከፈለ፣ ዘሩ የማይታወቅ ባሪያ" የሚል ነበረበት። ደገፋ ጆሮው ጋለ። በሃያ ዓመት ቅናቱ ያቺ ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። አውጣልኝ ሊለው አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት ገብረየስ በዳማው ላይ ሆኖ በገበያው ዳር ሲያልፍ፣ ሰውም መንገድ ሲለቅለት አየ። አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ፈረመ።

እናቱ አዴ ገለቴ ወሬውን ሰሙ። ከዚያ ያንን አሮጌ ጮጮ ከተሰቀለበት አውርደው ልጃቸው ፊት አስቀመጡ።

"ከዚህ ጠጥታችኋል" አሉ።

"ወተት አጥንት አይሆንም" አላቸው ደገፋ።

"ታዲያ አጥንትህ ከምን ተሠራ?"

እናቱ ቀጠሉና ይህን ነገር አትቆፍር፣ ለራስህ ብዬ ነው ብለው ለመኑት፤ አለቀሱም። ደገፋ ግን እሳቸውም የገብረየስ ወገን ናቸው አለ በሆዱ። ወንድሙም ቤት ቢመጣ አልተቀበለው። ገብረየስ ደጅ ቆሞ ክሱን ተወው፣ ፈረሱን ከፈለግህ እሰጥሃለሁ አለ። ደገፋ ግን በምጽዋት አልፈልግም ብሎ መለሰው።

ችሎቱ የተቀመጠው አጥቢያ ዳኛው ግራዝማች አሥራት ግቢ፣ ከጥዱ ጥላ ሥር ነው። ግራዝማች ከሰሜን መጥተው እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው፣ ጉቦ የማያውቁ። ሲጀምሩ እኔ መልክ አላይም፣ ዘር አላይም፣ በዘውዱ ፊት ሁሉ አንድ ነው ብለው ተናገሩ። ከዚያ ሁለቱንም አባቶቻችሁን ቁጠሩ አሏቸው። ዘር አላይም ያሉት ሰውዬ መጀመሪያ የጠየቁት ዘር ነበር!

ደገፋ ደረቱን ነፍቶ ቆጠረ። ደገፋ ጃራ፣ ጃራ ደቻሳ፣ ደቻሳ ሁርሳ፣ ሁርሳ ቦሩ፣ ቦሩ ለሚ፣ ለሚ ጉደታ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደ ጸሎት የሚደግመው ነው። ተራው የገብረየስ ሆነ። ገብረየስ ነጠላውን አደግድጎ፣ ገብረየስ ጃራ፣ ጃራ ደቻሳ፣ ደቻሳ ሁርሳ እያለ እስከ ጉደታ ሳይሰናከል ወረደ። ከሕዝቡ መካከል የሳቀ ሰው ነበር። ዳኜ ተነሥቶ ይህ የተሸመደደ ነው፣ እኛ የምንለው በአጥንት ነው፣ ምስክር አለን አለ።

ምስክሩ ኦቦ ቱሉ ነበሩ። ከአምስቱ የጉዲፈቻ ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። የሱሉልታን ሰው ዘር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ደገፋም የመረጣቸው ለዚህ ነው። ቄሱ መስቀሉን አስያዟቸው። ሽማግሌው በቀስታ ጀመሩ፤ ደገፋ የጃራ፣ ጃራ የደቻሳ፣ ደቻሳ የሁርሳ አሉና ቆሙ። ዳኜ ይቀጥሉ እንጂ አላቸው። ግራዝማችም ደግመው ጠየቁ።

ኦቦ ቱሉ ወደ ደገፋ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዲሲ፣ ደገፋ። ተወው ልጄ፣ እዚህ ይብቃን" አሉት።

ደገፋ ሽማግሌውን ወንድሙ ገዝቷቸዋል ብሎ አሰበ። ቀናተኛ ሌላ ምን ያስባል? አይበቃም፣ እስከ ጉደታ በአጥንት ይቁጠሩልኝ ብሎ ጮኸ።

"እንግዲያው ምረጥ" አሉ ሽማግሌው። "በአጥንት ልማል ወይስ በቅቤ? በቅቤ ካልከኝ ሁርሳ የቦሩ ልጅ ነው፣ ገብረየስም የጃራ ልጅ ነው። በአጥንት ካልከኝ ግን መስቀል ይዤ ሁርሳ የቦሩ ልጅ ነው ብዬ አልምልም።"

ግራዝማች ይብራራልን ሲሉ፣ ኦቦ ቱሉ የጉዲፈቻን ሕግ እያስፈረሳችሁኝ ነው ብለው ቅር እያላቸው ተናገሩ። ሁርሳ ከዓባይ ማዶ ነጋዴዎች እየነዱ ያመጡት ልጅ ነበር። ታሞ መንገድ ላይ ጥለውት ሄዱ፣ ቦሩ አነሣው፣ ቅቤ ቀባው፣ ስም ሰጠው። "መልኩም እንደዚህ ነበር ይላል አባቴ" ብለው ዱላቸውን ወደ ገብረየስ ቀሰሩ። ደገፋ እጁን አየ። የአባቱም እጅ እንዲህ ጠቆር ያለ ነበር። ሰው ሲጠይቅ የጨፌ ፀሐይ ነው ይባል ነበር።

በዚህ መሐል ደበላ ተነሣ። ያ ከብቶቹን ጨፌ የሚለቀው ደበላ ነው እንግዲህ። ለግራዝማች እጅ ነሥቶ፣ ቦሩ የወለደው ልጅ የኔ ቅድመ አያት ነው፣ በአጥንት ከተባለ ጨፌው የኔ ነው አለ። ዳኜም፣ ምን ይደረግ፣ ነገረ ፈጅ ነው፣ ደበላን በአዲስ ዓይን ተመለከተው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼኔ ነው። ወንድሙን ከጨፌው ሊነቅል የመጣ ሰው፣ አንዲት ቃል ከአፉ ብታመልጠው ጨፌውንም፣ ቤቱንም፣ እነዚያን እንደ ጸሎት የሚደግማቸውን አባቶቹንም ሊያጣ ነው።

"ደገፋ ጃራ፣ ምስክርህ ጠይቀውሃል፣ መልስ" አሉ ግራዝማች።

ደገፋ ወንድሙን ዞሮ አየው። እፎይታ ወይም ደስታ አገኝበታለሁ ብሎ ነበር። ገብረየስ ግን መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው። ፊቱ ላይ መደንገጥ አልነበረም። ይህን ሁሉ ሰው ያስደነገጠ ነገር እሱን አላስደነገጠውም።

"በቅቤ" አለ ደገፋ።

ግራዝማች አልተሰማም አሉት። "በቅቤ ይማሉ" አለ ጮክ ብሎ። ኦቦ ቱሉ መስቀሉን ተሳልመው እስከ ጉደታ በአንድ ትንፋሽ ቆጥረው ማሉ። ደበላ ተቀመጠ። ግራዝማች ማመልከቻውን ለደገፋ መለሱለትና እዚያው ፊታቸው አስቀደዱት። ሰው ሲበተን ኦቦ ቱሉ በደገፋ አጠገብ እያለፉ፣ ወረቀቱ ላይ ላስጻፍካት ቃል ጊደር አለብህ፣ ሕጉን ታውቀዋለህ ብለውት ሄዱ።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ አንድ ነው፣ የት ይገባል? ገብረየስ ፈረሱን አልተቀመጠም፤ እየሳበ ከጎኑ ሄደ። ወንዙን ተሻገሩ።

"ታውቅ ነበር" አለ ደገፋ።

"አዎ።"

"ከመቼ?"

"ከቅቤው ቀን።"

ደገፋ ቆመ። ያ ሹክሹክታ! ሃያ አንድ ዓመት ያልተኛለት ሹክሹክታ። አባባ ምን አሉህ ብሎ ጠየቀ፤ ድምፁ የሠላሳ ዓመት ሰው ድምፅ አልነበረም።

ገብረየስ ልጓሙን አሻሸ። "አትፍራ አሉኝ። የኔም አያት እንዳንተው በሰው ኮርቻ ነው የመጣው አሉኝ። ወንድምህ ይህን አያውቅም፣ ሆዱ ቶሎ ይብሰዋል፣ ቢሰማ ይሰበራል። እንዳይሰማ አንተ ጠብቅልኝ አሉኝ።"

"ባሪያ ብዬ ከስሼህ ለምን አልተናገርክም ታዲያ? አንዲት ቃል ብትናገር ታሸንፈኝ አልነበር?"

"ብናገር ላንተ ምን ይቀርልህ ነበር?" አለው ገብረየስ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ወንድሙ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ያለቅስ ነበር። ደገፋ ግን ደገፋ ነው። ዓይኑ እንባ ሞላ። የተናነቀው ግን ፀፀት ብቻ አይደለም፣ ቅናትም ነው፤ እንደዚያ ቀን ቀንቶ አያውቅም። ጨፌው እኩል ነው፣ ፈረሱም ይሂድ። አባቱ ግን የወለዱትን ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ያሳደጉትን፣ ከመጣ ሳምንት ለሆነው የሰባት ዓመት ሕፃን አደራ ብለው ሰጥተውት ነበር። ሕፃኑም ተቀበለ። እየተሰደበ፣ እየተከሰሰ ጠበቀው። ደገፋ ለማን እንዲህ ሆኖ ያውቃል?

በማግስቱ ጧት ጊደር ሊመርጥ በረት ገባ። ወርቅቱ ያቺ ከሲታዋ ቀይ ትበቃለች፣ ለእርቅ ነው እንጂ ለሠርግ አይደለም አለችው። እሱ ግን በረቱን ሁለቴ ዞረ። የነዳው ግን ወርቅቱ የምትኮራባትን፣ ከሁሉ የሰባችዋን፣ የመጀመሪያ ጥጃዋን ያረገዘች የምትመስለዋን ነጭ ጊደር ነበር። ወርቅቱ አብደሃል ወይ ብላ በሩ ላይ ቆመችበት። ደገፋ መለስ ብሎ፣ ገብረየስ ለኔ ቢያርድ ኖሮ ከዚህች ያነሰች አያርድም ነበር፣ በዚህስ አይበልጠኝም አላት።